ከመቶ ሽምብራ መቶ አራት የበቀለበት ጉዞ

ይህን ወረቀት ሁለት ዓይነት ሰው ያነበዋል ብዬ አስባለሁ፤ የአዲስ አበባዋን ጀሞ የማያውቅ የኛ አገር ሰውና እኛን የማያውቅ የጀሞ ሰው። ሁለታችሁም የምታውቁት ቦታ ስትደርሱ እለፉት። እኔ ግን ሁለቱንም ሳልዘል እጽፋለሁ፤ ከተመለስኩ ወዲህ ያንኑ ነገር ለየሰዉ ቆሜ ሳወራ ጉሮሮዬ ተዘግቷል።

እኔ ምንጃር ውስጥ፣ ከአረርቲ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች መንደር ዘር ጠባቂ ነኝ። የዐሥራ ስምንት ቤት የሽምብራ ዘር በአንድ ጎጆ ይቀመጣል፣ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ይውላል። ሹመቱ ትምህርት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥርስ ነው። በጥር ሽምብራው ተወቅቶ ሲገባ ዘር ጠባቂው በሰው ፊት ከየጆንያው አንዳንድ ፍሬ እያነሳ ይነክሳል። ቀጭ ብሎ ከተሰነጠቀ ደርቋል፣ ይታሸጋል። ጥርስ ሥር ከለዘበ ገና ነውና ወደ ፀሐይ ይመለሳል። አባቴ እስኪያረጅ በዚህ ሥራ ኖረ፤ ሲነክስ ድምፁ ከጎጆው ውጭ ይሰማ ነበር ይባላል።

ባለፈው ጥር በውቂያው ሳምንት ሳይታሰብ ዝናብ ጣለብን። በዚያው ሳምንት እኔ አረርቲ ሄጄ የመጨረሻዋን መንጋጋዬን አስነቀልኩ። እንግዲህ ሰው ተሰብስቧል፣ ጆንያው ተደርድሯል፣ እኔ ደግሞ የምነክስበት የለኝም። የመጀመሪያዋን ፍሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ በምላሴ ወደ ጉንጬ ገፋኋት፣ «ደርቋል» አልኩ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ብተፋት አለመነከሷ ይታይብኛል፤ ስለዚህ ዐሥራ ስምንቱም ፍሬ ጉንጬ ውስጥ ተሰለፈ። ወደ መጨረሻው ላይ መናገር ስላቃተኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ከዚያ ሽምብራውን አየር በማያስገባው በአዲሱ ከረጢት አሸግነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ነው።

በሐምሌ አንዱን ከረጢት ከፍቼ ሳሸት እርጥብ ጓዳ ሸተተኝ። መዝሪያው ቀርቦ ነበር፤ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲወጣ፣ ከነሐሴ ማለቂያ ጀምሮ ነው። ዘሩ ሞቶ ከሆነ ዐሥራ ስምንት ቤት ባዶ እጁን ማሳው ላይ ይቆማል። ደግሞም የመንጋጋዬ ነገር ይወጣል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራኝ ብጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ገብቷችኋል። የማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ ይመናሹ ፊት ቀርቤ፣ በዘመኑ ዘር በጥርስ ብቻ አይታመንም፣ አዲስ አበባ ወስጄ ላስመርምረው አልኩ። እትዬ ይመናሹ ሰው አይተው ሐሳቡን የሚያነቡ ሴት ናቸው። አዩኝ፣ አዩኝና «ሂድ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። የኛን ጥቁር አፈር በነሐሴ ያልረገጠ ሰው ጭቃ አየሁ አይበል፤ ሰው ሲራመድ ማሳውን ይዞ ነው የሚሄድ። ከዐሥራ ስምንቱም ከረጢት እፍኝ እፍኝ ቀድቼ የቀላቀልኩትን ሽምብራ ባለቤቴ በሰፋችው የአቡጀዲ ከረጢት ቋጥሬ፣ እንዳይርስ ከጋቢዬ ሥር አቅፌዋለሁ።

ከአረርቲ ወደ ሞጆ በሚሄደው መኪና ጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ምን ይዤ እንዲህ እንደምሳሳለት ጠየቁኝ። ናሙና ነው፣ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ነው የምወስደው አልኳቸው። ሴትዮዋ ከረጢቷን አዩ፣ መጠኗን በዓይናቸው መዘኑ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «እግዜር ይማርህ» አሉኝ ከዚያ ሆነው። ነገሩ ምን እንደመሰላቸው የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ወሬው ወደ ኋላ ወንበር ሳይደርስ አልቀረም፣ መንገድ ላይ የሴትዮዋ ቦታ ሲለቀቅ እስከ ሞጆ ድረስ አጠገቤ ማንም አልተቀመጠም። በሕይወቴ እንደዚያ ተመችቶኝ ተጉዤ አላውቅም።

ከሞጆ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በለቡ በኩል ጀሞ ገባሁ። ጀሞ ላይ አንድ ቤት ተሠርቶ ያው ቤት መቶ ጊዜ ተደግሟል። በኛ አገር ቤት ባለቤቱን ይመስላል፤ የሰነፉ ሰው ቤት ከሩቅ ይታወቃል። እዚያ ሰነፉም ትጉሁም አንድ ዓይነት በር አለው። የእህቴ ልጅ ብዙነሽ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር ብላኝ ስለነበር አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በስተግራ ያለውን በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ከፈተችልኝ፣ ሰላም አለችኝ፣ እርጥብ ጋቢዬን ተቀብላ አሰጣችልኝ፣ ትኩስ ሽሮ አቀረበችልኝ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው ብዙነሽ የት ሄደች ብዬ የጠየቅኩት። ሕንፃው ሌላ ነበር። ሴትየዋ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ነው ያበላችኝ፤ ሳትጨርስ አትሄድም ብላም አስጨረሰችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ሦስተኛው ሕንፃ ድረስ አደረሰችኝ። ብዙነሽ ደግሞ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ሽምብራ በላሁ፣ ሌላ ሽምብራ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ።

ሁለተኛው ቀን

ብዙነሽ ከቢሮዋ አስፈቅዳ ለቡ አካባቢ ወዳለው የዘር ላቦራቶሪ ወሰደችኝ። እዚያ ሰብለ የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ተቀበለችን። ናሙናዬን ትሪ ላይ ዘርግታ ስታይ የሆድ ሕመም እንደሚነገረው ሰው ፊቷን እመለከት ነበር። አራት መቶ ፍሬ ቆጥረው፣ አራት ቦታ መቶ መቶ አድርገው፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ያስቀምጡታል። ስምንት ቀን ይጠብቃሉ። ከዚያ ደህና ሥርና ደህና ቡቃያ ያወጣውን ብቻ ይቆጥራሉ። ለምን አራት ቦታ እንደሆነ ስጠይቃት፣ አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ እንዲመሰክሩበት ነው አለችኝ። እንደ ሽማግሌ ማለት ነው ብዬ ወደድኩት።

ቀጥላ ፎርም አውጥታ ጥያቄ ጀመረች። መቼ ተወቃ፣ በጥር። በምን ታሸገ፣ በከረጢት። ሲታሸግ ድርቀቱ በምን ተለካ?

«በጥርስ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ አሰበች። «በባህላዊ ዘዴ ብዬ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ጥርሱ የማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። ስንወጣ ግን፣ ስምንት ቀን ዝም ብለው ከሚቀመጡ የተረፈዎትን ቤት ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሊሞክሩት ይችላሉ፣ ሳይደርቅ ሳይጨቀይ ይጠብቁት አለችኝ። ይህች ደግ ምክር ናት ያን ሁሉ ያመጣች።

ሦስተኛው ቀን

ጀሞ ላይ ውሃ በቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ አራተኛ ፎቅ ደግሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚወጣው። በኛ አገር ምንጩ ሩቅ ነው፣ ግን ሁልጊዜ እዚያው አለ። ብዙነሽ በበርሜልና በጀሪካን ባጠራቀመችው ውሃ ሽምብራ ሳጠጣ ራሴን ታዘብኩ፤ ልብሷን ሳታጥብ የኔን ዘር ላረጥብባት ነው። ከፍሬው ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳስብ ጎረቤቶቿ አገኙኝ።

ሦስት ናቸው። ምድር ቤት ያሉት ወይዘሮ አስቴር ባልትና ነጋዴ ናቸው፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አቶ ግርማ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪና የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ሳሚ የሚባል ታክሲ ነጂ ወጣት አለ፤ እኔን ፋዘር ነው የሚለኝ። የላቦራቶሪዋን ደንብ ስነግራቸው አቶ ግርማ ደስ አላቸው። አራት ቦታ መሆን ካለበት አራት ቤት አለን፣ እያንዳንዱ ቤት መቶ ፍሬ ይውሰድ፣ ውሃውም ለማንም አይከብድም አሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የብዙነሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አራት መቶ ሽምብራ ቆጠርን። አቶ ግርማ ሁለት ጊዜ አስቆጠሩን። ወይዘሮ አስቴር እየቆጠሩ የተሰበረውን በልማድ ወደ ጎን ያወጣሉ፣ እባክዎ እንዳይመርጡ፣ እንዳለ ነው የሚመረመር ብዬ ለመንኳቸው። ሳሚ ጥቅልሉን ሲቀበል በሁለት እጁ ነበር። ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ነገሩን ከልባቸው እንደያዙት ሳይ ደስ አለኝ። መፍራት ነበረብኝ።

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን

እነዚህን አራት ቀናት ደረጃ ስወጣና ስወርድ ነው ያሳለፍኩት። በኛ አገር አራት ጎረቤት ለመጠየቅ አራት አጥር ይታለፋል፤ እዚያ አራቱም ቤት አንዱ ባንዱ ራስ ላይ ነው። ጠዋት ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እሳለማለሁ፣ ስመለስ ከምድር ቤት ጀምሬ ሕሙማኑን እጠይቃለሁ።

አንዱም ቤት ግን ፍሬውን አላሳየኝም። ወይዘሮ አስቴር ጥቅልሉን ከምድጃቸው አጠገብ አኑረውታል፣ ሲከፈት ይበርደዋል ይሉኛል። አቶ ግርማ በትኩሳት መለኪያ ጠዋትና ማታ ይለኩታል፣ ደብተር ከፍተውለታል፣ ደብተሩንም አያሳዩኝም። ሳሚ ሙቀት ያገኛል ብሎ ቴሌቪዥኑ ጀርባ አድርጎታል፤ «ፋዘር፣ አንተ ዝም ብለህ ተዝናና» ይለኛል። ብዙነሽም በራሷ ቤት፣ እኔ በምተኛበት ክፍል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ፍሬውን ያላሳየኝ ሁሉ ግን ሳያበላኝ አይሰደኝም። ጾም ነውና የሚበላው ሽሮ ነው። አንድ ቀን አራት ፎቅ አራት ሽሮ በልቼ ወደ መኝታዬ ስወጣ፣ ሽምብራ ሰው ላይ የሚበቅል ቢሆን ውጤቱን ከኔ ላይ ማንበብ ይቻል ነበር አልኩ።

በስድስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ሹክሹክታ ሰማሁ። ወይዘሮ አስቴር ብዙነሽን የኔ በቅሏል፣ ያንቺስ ሲሏት፣ ብዙነሽ አዎ፣ የኔም እየበቀለ ነው አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጭን ሆኖ ነበር። ልቤ በደስታ ተሞልቶ ስለነበር ቅጥነቱን አልተከታተልኩትም።

ስምንተኛው ቀን

አቶ ግርማ የመጀመሪያውን ቆጠራ ብለው ሁላችንንም በራቸው ፊት ሰበሰቡን። ብዙነሽ ጥቅልሏን ፈታች፣ ዘጠና ስምንት በቅሏል። ወይዘሮ አስቴር ፈቱ፣ ዘጠና ዘጠኝ። አቶ ግርማ ፈቱ፣ መቶ፤ ሥሮቹም በአንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያ የጓዳ ሽታ የት ሄደ? እንባዬ መጣ። ሳሚ ጥቅልሉን እስኪያመጣ አልጠበቅኩም፣ እዚያው ቆሜ ለእትዬ ይመናሹ ደወልኩ። ዘሩ ሕያው ነው አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ እልልታቸውን ሰማሁ፤ እትዬ ይመናሹ እልል ሲሉ ከዚያ በፊት የሰማኋቸው የልጃቸው ሰርግ ላይ ብቻ ነው።

ሳሚ ወረደ፣ ፈታ። አቶ ግርማ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ ቆጠሩ።

«መቶ አራት» አሉ።

«የሰጠሁህ መቶ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

«ዘሩ ጎበዝ ነው፣ ፋዘር» አለኝ ሳሚ ጣሪያውን እያየ።

«ጎበዝ ዘር ይበቅላል እንጂ አይጨምርም።»

ሳሚ ጣሪያው ላይ የሚያየው ነገር ሲያልቅበት ወደ እግሩ ተመለሰ። «ሼም ይዞኝ ነው» አለ። ፍሬው በተጠቀለለ በሦስተኛው ቀን መሻገት ጀመረበት። ከገጠር ድረስ አቅፎት መጥቶ እኔ ቤት ሞተ ሊል ነው ብሎ ተጨነቀ። ከሕንፃው ሥር ከሚቸረችሩት ከአዴ ጫልቱ ሽምብራ ገዝቶ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ የሞተውን እያወጣ ሕያውን ተካ። ማታ ከሥራ ደክሞ ሲመጣ ስለሚተካ ቁጥሩ ጠፋበት።

ሳሚን ሊገሥጹት የሚገባቸው አቶ ግርማ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን እንደ አዲስ አጣፉ። ብዙነሽን ሳያት ማልቀስ ጀመረች። ሰው ቤት ሁሉ በቅሎ እኛ ቤት ሞቶ ሲታይ፣ የአጎቷን ዘር የገደለች ልባል ነው ብላ፣ ከዚያው ከአዴ ጫልቱ ገዝታ ቀይራ ነበር። ወይዘሮ አስቴርም እንዲሁ። አራት ቤት፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ከአንዲት ሴት።

«እኔ እንኳ የቀየርኩት ስልሳ ዘጠኝ ብቻ ነው» አሉ አቶ ግርማ። ደብተሩን ገለጡልኝ፤ የሞተው በእርሳስ፣ የተተካው በቀይ እስክሪብቶ በየቀኑ ተመዝግቧል።

መቆጣት ነበረብኝ፤ ዐሥራ ስምንት ቤት በነዚህ ሰዎች ደግነት የሞተ ዘር ሊዘራ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ምላሴ ያን ባዶ ድድ ነካ። እኔ በሰው ፊት ላለማፈር ዐሥራ ስምንት ጊዜ የዋሸሁ ሰው ነኝ። እነሱ እኔን ላለማሳፈር ነው የዋሹት፤ ከኔ ውሸት የነሱ ይሻላል። አይዟችሁ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለእትዬ ይመናሹ መልሼ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አወጣሁ፣ እልልታቸው ትዝ አለኝ፣ መልሼ ከተትኩት።

ዐሥረኛው ቀን

ሰብለ ውጤቱን በወረቀት ሰጠችኝ፤ ከመቶ ሠላሳ አንድ። የአቶ ግርማ ደብተር አንድም አልሳተም ነበር። የሻገቱትን ትሪ ላይ አሳየችኝ፣ ዘሩ እርጥበት እንደያዘ ታሽጎ ታፍኗል አለችኝ። ለዘር አይሆንም፣ የሻገተውም ለምግብ እንዳይውል ብላ አስጠነቀቀችኝ። አመስግኛት ወጣሁ።

ከላቦራቶሪው ስንመለስ ብዙነሽ በቀጥታ አዴ ጫልቱ ጋ ወሰደችኝ። አዴ ጫልቱ የፉሪ ነባር ገበሬ ሚስት ናቸው። ከፊታቸው ሽምብራ፣ ምስርና ጎመን ዘርግተዋል። ብዙነሽን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ።

«ይህ ሕንፃ ምን ሆኗል?» አሉ። «አራት ሰው ተራ በተራ፣ ግራ ቀኝ እያየ እየመጣ፣ የሚበቅል ሽምብራ ስጪኝ ይለኛል። አንዱ ሽማግሌ በየቀኑ እየቆጠሩ ስልሳ ዘጠኝ ፍሬ ወሰዱ። ልጅቷ ቆልፋ የምታሳድገው ሽምብራ አለ ሲሉም ሰማሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የመንጋጋዬን ግን አልነገርኳቸውም። ሳቃቸውን አቆሙ። የዐሥራ ስምንት ቤት ዘር መሞቱን ሲሰሙ ዘርግተው የነበረውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ «ባለቤቴን ኦቦ ቱሉን ታያለህ፣ ተነስ» አሉኝ።

ፉሪ ድሮ ማሳ የነበረ አሁን ግንብ የሆነ አገር ነው። የኦቦ ቱሉ ማሳ በሁለት አዲስ ቪላዎች መካከል ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሊዘራበት ታርሶ ጥቁር አፈሩ ያበራል። ያንን አፈር ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ እግሬ ላይ ሲጣበቅ እንኳ ደስ አለኝ። ጎተራቸው ከቤታቸው ደረጃ ሥር ነው፣ በጭቃ ተለስኗል፣ አፉ በአመድ ተመርጓል። ኦቦ ቱሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። አፉን ከፍተው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገብተው አንድ እፍኝ ሽምብራ አወጡና ከመካከሉ አንድ ፍሬ ሰጡኝ።

«ንከሰው» አሉኝ።

ፍሬዋን ያዝኳት። ጉንጬ ልማዱን አውቆ ሊቀበላት ተዘጋጀ። አዴ ጫልቱ ያዩኛል፣ ብዙነሽ ታየኛለች።

«የምነክስበት የለኝም» አልኩ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥር።»

«ዘሩ የታሸገው መቼ ነው?»

«በጥር።»

ኦቦ ቱሉ እጃቸው ላይ የቀረውን ሽምብራ ቀስ ብለው ወደ ጎተራው መለሱ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ጋቢዬን ሰበሰብኩ።

«ሌላ ሰው አታስነክስም ነበር?»

«አፈርኩ።»

«ለአንድ መንጋጋ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው።

አዴ ጫልቱ ፍሬዋን ከእጄ ወስደው ነከሱ። ቀጭ አለ። ያንን ድምፅ ከአባቴ ወዲህ እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ኦቦ ቱሉ አምስት ጆንያ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ፤ እየቆጠብን ከዘራነው ዐሥራ ስምንቱንም ቤት ያዳርሳል። ዋጋ ስጠይቅ ዘር አይሸጥም፣ በጥር አምስት ጆንያ ትመልሳለህ አሉኝ። «ከመመለስህ በፊት ግን ጥርስ ያለው ሰው ይንከሰው» አሉ። እጃቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ።

ዐሥራ አንደኛው ቀን

ሳሚ ከጓደኛው ፒክአፕ ለምኖ መጣ፤ መቶ አራቱን ለማካካስ ነው አለኝ። ጆንያዎቹን ሲጭን አቶ ግርማ አምስት ብለው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ወይዘሮ አስቴር ለመንገድ ምን እንደቋጠሩልኝ ሳልፈታ አወቅኩት። ብዙነሽ አቅፋ ሳመችኝና፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ የበቀሉትን ዘጠና ስምንቱን በረንዳዋ ላይ በባልዲ እንደተከለቻቸው ነገረችኝ። ቀና ብዬ ሳይ የአራቱም ቤት በረንዳ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። ከመቶ በረንዳ ሕንፃዋን ያወቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አረርቲ ላይ ሳሚ ተሰናበተኝ። መኪና ጭቃውን አይገባም፤ አህያ ላኩልኝ ብቻ ብዬ አስደውዬ ስለነበር የመንደሬ ሰዎች አህያ ይዘው ጠበቁኝ። ዘሩ ሕያው ከሆነ ይህ አምስት ጆንያ ምንድነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። መንገዱን ሁሉ አህያ ነዳን፤ እኔ የምናገረውን ስደረድር፣ አፍርሼ ስደረድር።

ዐሥራ ስምንቱም ቤት በዘር ጎጆው ተሰበሰበ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ እትዬ ይመናሹ እግር ሥር አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ውጤቱን፣ በስልክ የነገርኳቸው ውሸት ከየት እንደመጣ፣ የኦቦ ቱሉን ዘር። በመጨረሻም መንጋጋዬን። ያን ዕለት አንድም ፍሬ አልነከስኩም፣ ዐሥራ ስምንቱንም ጉንጬ ውስጥ ነው የደበቅኩ አልኩ። ስጨርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር።

እትዬ ይመናሹ መሬት መሬት ያያሉ።

«እሱን እንኳ እናውቃለን» አሉ።

«ምኑን?»

«ጉንጭህ እንደ ቅል አብጦ ነበር እኮ። አንድ አንድ እያልክ ስትከምር ሁላችንም እያየንህ ነው። መጨረሻ ላይ መናገር እንኳ አቅቶህ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«በሰው ፊት እናዋርድህ?» አሉኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ዐሥራ ስምንት ቤት ሰባት ወር ሙሉ ዘሩ መታፈኑን እየጠረጠረ፣ እኔን እንዳያሳፍር አፉን ይዞ ተቀምጧል። ጀሞ ድረስ የላኩኝም ለዚሁ ነው፤ ላቦራቶሪው ይንገረው፣ እኛ አንንገረው ብለው። ልስቅ ይሁን ላለቅስ ሳላውቅ ድምፅ ወጣኝ።

እትዬ ይመናሹ ቁልፉን አንስተው መልሰው አንገቴ ላይ አደረጉት። ከዚያ አንዱን ጆንያ ፈትተው ትሪውን አዞሩ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው በተራ ፍሬ አንስቶ ነከሰ፣ እኔም ድምፁን ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ቀጭ አለ። ትሪው እኔ ጋ ሲደርስ ባለቤቴ ከጎኔ እጇን ሰደደችና የቤታችንን ፍሬ ነከሰችልኝ። ያን ጊዜ የጎጆው ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆኖ ዞሮ በር በሩን ያይ ነበር።